ጋሽ ሳንባ ልቡን ፎቶ ሲያስነሣ

እናትና አባቱ ያወጡለትን ስም የሚያውቀው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ከተማው የሚያውቀው ጋሽ ሳንባ ብሎ ነው። የማዘጋጃ ቤቱ ማርሽ ባንድ አንደኛ ትራምፔት ነፊ ነው፤ ደረተ ሰፊ፣ አንገተ አጭር፣ ጉንጩ ሳይነፋም የተነፋ የሚመስል፣ ሲስቅ ጎረቤት መስኮት የሚያስከፍት ሰው። ባለቤቱ የባንዱን የደንብ ልብስ የምትሰፋ ልብስ ሰፊ ናት። የሌሎቹን ሙዚቀኞች ደረት አንዴ ለክታ ትገላገላለች፤ የእሱን ግን አንዴ ትንፋሹን አስወጥታ፣ አንዴ ደግሞ አስገብታ መለካት አለባት።

"ይሄ ደረት ነው ቁም ሣጥን?" ትለዋለች ሜትሩን እየሳበች።

እሱም ነገር ፈልጎ ሌላ ትንፋሽ ይጨምርበታል።

ቅጽል ስሙን ያገኘው ከእሑድ ከሰዓት ነው። እሑድ እሑድ ባንዱ በከተማው መናፈሻ፣ ጣሪያ ባላት ክብ መድረክ ላይ ይጫወታል። የመጨረሻው ማርሽ ሲያልቅ ሌላው መሣሪያ ሁሉ ጸጥ ይልና የጋሽ ሳንባ ትራምፔት ብቻ አንዲት ድምፅ ይዛ ትቀራለች። ይሄኔ ተመልካቹም የራሱ ሥራ አለው። ድምፅዋ ስትጀምር ሰው ሁሉ ትንፋሹን ይይዛል። ማን እንደጀመረው የሚያውቅ የለም፤ ብቻ ልጁ ጉንጩን ነፍቶ፣ ሽማግሌው ምርኩዙን ጨብጦ፣ ፍቅረኛሞቹ ዓይን ለዓይን ተያይተው ይቆማሉ። ድምፅዋ ትረዝማለች። አንዱ "ኧፍ!" ብሎ ይሸነፋል፣ ሌላው ይከተላል፣ በመጨረሻ መናፈሻው በሙሉ እየተነፈሰ ሲስቅ ትራምፔቷ ገና ትጮኻለች። ጋሽ ሳንባ ፊቱ ጠቁሮ፣ የአንገቱ ሥር ተገታትሮ፣ የመጨረሻዋን ጠብታ ትንፋሽ አሟጥጦ ሲያቆም ጭብጨባው ይቀልጣል። እሱን ያሸነፈ ሰው እስከዛሬ አልተገኘም።

በዚህ ጨዋታ ገብታ የማታውቀው ባለቤቱ ብቻ ናት። "እኔም ትንፋሼን ብይዝ፣ አንተ ዘፍ ስትል ማን ሊጮህልህ ነው?" ነው መልሷ።

አንድ ቀን ከልምምድ ሲመለስ ጋሽ ሳንባ የቤታቸው ደረጃ መሐል ላይ ቆመ። ቀኝ እጁ ደረቱ ላይ ነው።

"ምን ቆምክ?" አለችው ባለቤቱ ከላይ።

"ግድግዳውን እያየሁ ነው።"

"ግድግዳው ምን ሆነ?"

"ቀለም ያስፈልገዋል።"

ግድግዳው በቅርቡ ነበር የተቀባው። ጋሽ ሳንባ ለነገሩ ውሸት አይችልበትም፤ ሲዋሽ ጆሮው ይቀላል። ባለቤቱ ወርዳ ጆሮውን አየችና የትራምፔቱን ሳጥን ከእጁ ተቀበለችው። ታላቅ ወንድሙ ትዝ ብሏት ነበር። ወንድምየው በዚያው ባንድ ትልቁን ቱባ የሚነፋ፣ ቀኑን ሙሉ ሲቀልድ የሚውል ሰው ነበር፤ አንድ ጠዋት የጫማውን ክር ሊያስር ጎንበስ እንዳለ አልተነሣም። ከዚያ በፊት "አመመኝ" ብሎ አያውቅም። ከልብ ነው ተባለ፣ ተለቀሰ፣ ተቀበረ።

ስለዚህ ባለቤቱ ቤት ገብታ ሳጥኑን ከፈተች፤ የትራምፔቱን መንፊያ፣ ያችን ከንፈር የሚያርፍባትን የነሐስ ጫፍ፣ ነቅላ ከእጅ ቦርሳዋ ከተተቻት።

"ሐኪም አይቶህ 'ንፋ' ካላለ ይቺን አታገኛትም።"

"ሴትዮ፣ ምን ነካሽ! እሑድ ደርሷል እኮ!"

"ይድረስ።"

ያለ መንፊያ ትራምፔት ምን ይረባል? ማንቆርቆሪያ ነው። ጋሽ ሳንባ ለመነ፣ ተቆጣ፣ አኮረፈ፣ ምሳ አልበላም አለ፣ በላ። እሷ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አለች።

ሐኪሙ ከሌላ ከተማ የመጣ፣ ለስለስ ብሎ የሚናገር ወጣት ነው። የልብ ምቱ የተቀዳበትን ወረቀት አየ፤ ደህና ነው። የወንድሙን ታሪክ ሰማ፤ ስለሚያጨሰው ሲጋራ ጠየቀ፤ ደረጃው ላይ ደረቱን ስለተጫነው ነገር ሲጠይቅ ጋሽ ሳንባ ስለ ግድግዳው ሊያወራ አፉን ሲከፍት ባለቤቱ በክርኗ ጎሸም አደረገችው።

"ልብን የሚመግቡ ቀጫጭን የደም ቧንቧዎች አሉ" አለ ሐኪሙ። "ግድግዳቸው ላይ ስብ እየተለጠፈ፣ እየደረቀ ይሄዳል። ሰውየው ምንም ላይሰማው ይችላል። አሁን ግን በሲቲ ስካን ፎቶ አንሥተን፣ ምን ያህል እንደተጠራቀመና የት እንደጠበበ እናያለን። ከዚያ ወደፊት ምን ያህል እንደሚያሰጋዎት መገመት እንችላለን።"

"ጥንቆላ ነዋ!"

"ጠንቋይ ሲሳሳት የሚጠይቀው የለም" አለ ሐኪሙ ፈገግ ብሎ። "እኔን ግን ይጠይቁኛል።"

ጋሽ ሳንባ ሳቀ፤ ከክፍሉ ሲወጣ ግን በቀጥታ ወደ መለማመጃው አዳራሽ ሄደ። ለማንም ያልነገረውን ለጓደኛው ለከበሮ መቺው ነገረው። ሁለቱ ከመለማመጃው አዳራሽ በስተኋላ፣ የተሰበሩ የኖታ ማስቀመጫዎች በተከመሩበት ጥግ ተቀምጠው ነበር።

"ሞቱን አልፈራም" አለ ጋሽ ሳንባ። "ፎቶውን ነው የፈራሁት። ካላዩት እነፋለሁ። ካዩት ያስቆሙኛል።"

"ቢያስቆሙህስ?"

"ታዲያ ሰው ምን ብሎ ሊጠራኝ ነው?"

ከበሮ መቺው ነገሩን በጥሞና አሰበበት። "ጋሽ ጉበት" አለ በመጨረሻ። "ጉበትህ ደህና ነው አይደል?"

ጋሽ ሳንባ እየሳቀ ዓይኑ እንባ ሞላ፤ እንባው የሳቅ ብቻ አልነበረም። በዚያ እሑድ ማርሹ ያለ ረጅሟ ድምፅ አለቀ። ከልምድ የተነሣ ትንፋሹን የያዘው ሕዝብ ትንፋሹን ምን እንደሚያደርገው ግራ ገብቶት ትንሽ ቆሞ ተበተነ። ጋሽ ሳንባ ይህን ከአግዳሚ ወንበር ላይ ሆኖ ሲያይ አንጀቱ ቁርጥ አለ፤ ግን ደግሞ ከጎኑ የተቀመጠችው ባለቤቱ ቦርሳዋን በሁለት እጇ አቅፋ እንደነበር አየ። እሷም ከእሱ እኩል ፈርታለች። ቀጠሮው ሲደርስ እሱ ነው ቀድሞ ጫማውን ያጠለቀው።

የምርመራው ክፍል ቀዝቃዛና ንጹሕ ነው። መሐሉ ላይ ሰው የሚያሾልክ ትልቅ ነጭ ቀለበት ቆሟል፣ በቀለበቱ ውስጥ የሚንሸራተት ጠባብ አልጋ አለ፣ ባለሙያዋ የምትቀመጠው በመስታወት ከተከለለች ክፍል ውስጥ ነው። ባለሙያዋ መነጽር ያደረገች ልጅ እግር ሴት ናት። አስቀድማ የልቡን ምት የሚያረጋጋ ክኒን ሰጥታው ኮሪደር ላይ አስቀመጠችው። "ልብ ሲሮጥ ፎቶው ይደበዝዛል፤ ቀስ ሲል ነው የሚጠራው" አለችው። ከዚያ የሆስፒታል ልብስ አለበሰችው። ልብሱ ደረቱ ላይ አልገጥም አለ።

"ይሄን የሰፋው ማነው?" አለች ባለቤቱ ጠርዙን ገልብጣ እያየች። "አቆራረጡስ እሺ። ስፌቱ ግን ነውር ነው!"

ባለቤቱን በስንት ልመና ወደ ውጭ ሸኟት። ባለሙያዋ ጋሽ ሳንባን አስተኝታ፣ የልብ ምቱን የሚቆጣጠሩትን ገመዶች ደረቱ ላይ ለጠፈች። ካርዱ ላይ የተጻፈው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ የሚያውቀው ስም ስለሆነ፣ ያለ ደንብ ልብሱ ወርቃማ ቁልፎችና ያለ ቆቡ ደግሞ እንደ ማንኛውም ሰው ስለሚመስል ማን እንደሆነ አላወቀችም።

"አባባ፣ መጀመሪያ ያለ መርፌ አንዴ እናነሣለን። በድምፅ ማጉያው 'ትንፋሽ ይሳቡና ይያዙ' እልዎታለሁ። አይንቀሳቀሱ።"

"ትንፋሽ መያዝ?" ጋሽ ሳንባ ፊቱ ፈካ። ከመጣ ጀምሮ በዚህ ቤት የሚችለው ነገር ሲያገኝ ይሄ የመጀመሪያው ነበር። "እስከ መቼ ልያዝልሽ? እስከ ምሳ ሰዓት?"

"ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው።"

"አንቺ ብቻ ተናገሪ!"

ተናገረች። ጋሽ ሳንባም ሳበ። አሳሳቡ ታዲያ የበሽተኛ አልነበረም፤ የእሑድ አሳሳብ ነው። ሆዱ ተነሣ፣ ጎኑ ተከፈተ፣ ደረቱ ወደ ጣሪያው ወጣ። ከገመዶቹ አንዱ ተስፈንጥሮ ወለሉ ላይ ወደቀ። ጉሮሮውን ዘግቶ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ መላ ሰውነቱን ወጥሮ ያዘ፤ በክኒን ተረጋግቶ የነበረው ልቡ ትራምፔት የሚነፋ መስሎት ተነሥቶ ይጋልብ ጀመር። መስታወቱ ውስጥ ያለው መቆጣጠሪያ ጮኸ። ፎቶው ሲመጣ ዝም በሉ ሲባሉ ያልሰሙ ልጆች የተነሡትን ፎቶ ይመስላል፤ ሁሉም ነገር ተደራርቦ፣ ተንሸራቶ፣ የቱ የቱ እንደሆነ አይለይም።

"ይተንፍሱ!" አለች ባለሙያዋ። አልተነፈሰም። "አባባ፣ ይበቃል፣ ይተንፍሱ!"

"ገና ነኝ እኮ" አለ ጋሽ ሳንባ፣ ቅር ብሎት።

ባለሙያዋ ወጥታ መጣች። "ሥራዎ ምንድን ነው?" አለችው እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ።

"ትራምፔት እነፋለሁ። ማርሽ ባንድ።"

ቀና ብላ አየችው። መነጽሯን አስተካከለች። "ጋሽ ሳንባ?"

"ነኝ።"

"ወይ ጉድ!" አለች፤ የሥራዋን ጭምትነት ረስታ እንደ ልጅ ዘለለች። "እኔ እኮ በልጅነቴ በእርስዎ ምክንያት አዙሮኝ ሣሩ ላይ ተዘርሬአለሁ! እናቴ 'ይሄ ሰውዬ ልጄን ሊገድልብኝ ነው' ብላ ለአንድ ወር ወደ መናፈሻው አላመጣችኝም!"

"ይቅርታ አድርጊልኝ ልጄ" አለ ጋሽ ሳንባ፣ ደስታው ግን ፊቱ ላይ ተጽፎ ነበር።

እሷ ግን ወዲያው ወደ ሥራዋ ተመለሰች። "አሁን የሚቀጥለው ዋናው ነው። በክንድዎ ፈሳሽ እሰጥዎታለሁ፤ የደም ቧንቧዎቹን የሚያሳየን እሱ ነው። ይህን ካበላሸነው ዝም ብዬ ልደግመው አልችልም። እዚህ ውድድር የለም። እንደዚያ ሲወጥሩ ልብዎ ለመንፋት ይነሣል። እኔ የምፈልገው ያረፈ ልብ ነው።"

ጋሽ ሳንባ ግራ ገባው። "ትንፋሽ ከሳብኩማ ልነፋ ነው። ሌላ ለምን ይሳባል?"

ሲያወራ ራሱ ሰማው፤ ዕድሜ ልኩን ትንፋሽ ሲስብ ለሌላ ነገር ስቦ አያውቅም ማለት ነው። ባለሙያዋ አልሳቀችም። ትንሽ አሰበችና አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

"ሌሎቹ ሲጫወቱ እርስዎ ዝም የሚሉበት ቦታ የለም?"

"አለ እንጂ። ፍሉቶቹ ብቻቸውን ሲጫወቱ ትራምፔቴን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ተራዬን እጠብቃለሁ።"

"ያኔ እንዴት ነው የሚተነፍሱት?"

ጋሽ ሳንባ ጣሪያውን አየ። ማንም ጠይቆት አያውቅም። "እንጃ" አለ። "እንደ ሰው።"

"በቃ፣ እንደ ሰው ይተንፍሱልኝ።"

የወደቀውን ገመድ መልሳ ለጠፈች። ክንዱ ላይ መርፌውን አስተካከለች። "ፈሳሹ ሲገባ ሙቀት ይሰማዎታል። የሸኑ ሊመስልዎት ይችላል። አልሸኑም።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"እስካሁን ሁሉም ጠይቀውኛል። እርግጠኛ ነኝ።"

አልጋው ወደ ቀለበቱ ተንሸራተተ። ጋሽ ሳንባ ዓይኑን ጨፈነና ፍሉቶቹን ጠራቸው። መጡ። ያቺን ቀስ ያለች፣ ከማርሹ መሐል የምትገባ ዜማ ይዘው መጡ፤ ትራምፔቱ ጉልበቱ ላይ ናት፣ በግራው ታላቅ ወንድሙ ቱባውን አቅፎ ተቀምጧል። ወንድሙ በእረፍቱ ጊዜ ሁልጊዜ ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ አንድ የማይረባ ቀልድ ያንሾካሹክለት ነበር፤ እሱም እንዳይስቅ ከንፈሩን ይነክስ ነበር። ያ ሰው ምን ያህል እንደናፈቀው ጋሽ ሳንባ እስከዚያች ደቂቃ አላወቀም። "ትንፋሽ ይሳቡ" አለ ድምፅ ማጉያው። ትንሽ ሳበ፤ ዜማውን ላለመረበሽ ያህል። "ይያዙ።" ያዘ። ሙቀቱ ከክንዱ ተነሥቶ በደረቱ አልፎ እስከ እግሩ ወረደ፤ ልቡ ግን ተራውን እንደሚጠብቅ ሙዚቀኛ ዝም ብሎ ቁጥሩን ይቆጥር ነበር።

"ይተንፍሱ" አለች። አሁን ወዲያው ተነፈሰ።

ከቀለበቱ ሲወጣ ባለሙያዋ መስታወቱ ውስጥ አውራ ጣቷን አነሣችለት። "ፎቶው በጣም ያምራል!"

"ደህና ነኝ ማለት ነው?"

"ጥርት ብሏል ማለት ነው። ሌላውን ሐኪሙ ነው የሚነግርዎት።"

ወዲያው የሱሪውን ሁኔታ በእጁ አጣራ። እውነቷን ነበር።

ውጤቱን ሊሰሙ የሄዱ ዕለት ባልና ሚስቱ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሐኪሙ ስክሪኑን ወደ እነሱ አዞረው። የጋሽ ሳንባ ልብ ጥቁርና ነጭ ሆና ቀረበች፤ ትንሽ ናት። ይህን ሁሉ ዓመት ያን ሁሉ ጩኸት የተሸከመች ልብ እንዲህ ትንሽ መሆኗ ገረመው።

"እነዚህን ነጫጭ ነጥቦች ያያሉ? ደርቆ የተለጠፈው ነገር እሱ ነው" አለ ሐኪሙ በእስክሪብቶው እየጠቆመ። "አለ። የለም አልልዎትም። ከነጥቦቹ ብዛት አስልተን አንድ ቁጥር እናወጣለን፤ ዜሮ ቢሆን ደስ ይለን ነበር፣ በጣም ከፍ ቢል ደግሞ ያስፈራን ነበር። የእርስዎ መሐል ላይ ነው። ቧንቧዎቹን አንድ በአንድ አየናቸው፤ ደሙን የሚያግድ ጥበት የትም ቦታ የለም። ዛሬ ቀዶ ጥገና አያስፈልግም። ግን ዝም ከተባለ ይሄ ነገር ይጨምራል። ክኒን በየቀኑ፣ የእግር ጉዞ በየቀኑ፣ ሲጋራ ከዛሬ ጀምሮ የለም። ደረትዎን ዳግመኛ ከተጫነዎት ደግሞ ግድግዳ ሳያዩ ወደ እኔ።"

ጋሽ ሳንባ ባለቤቱን ዞር ብሎ አያት። ስለ ግድግዳው ማን እንደነገረው ግልጽ ነበር።

"ወንድሜስ?" አለ ቀስ ብሎ። "እሱ እንዲህ ታይቶ ቢሆን ኖሮ?"

"ያላየሁትን አላውቅም" አለ ሐኪሙ። "የእርስዎን ግን አይተነዋል። ቀድመን አይተነዋል።"

ከዚያ ሦስት ሳምንት ሙሉ ጉሮሮዋ ላይ ቆሞ የነበረውን ጥያቄ ባለቤቱ አወጣችው። "ይንፋ?"

"ይንፉ" አለ ሐኪሙ።

እልል ማለት ብቻ ነበር የቀራት! እጇ ወደ ቦርሳዋ ሄደ። ግን ሐቀኛ ሴት ናትና ከመክፈቷ በፊት ስለ ረጅሟ ድምፅ፣ ስለሚጠቁረው ፊትና ስለሚገታተረው ሥር አንድም ሳታስቀር ተናገረች። ሐኪሙ ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ። "ያችን ያሳጥሯት። ትንፋሽዎ ተሟጦ ሳይሆን ገና ሳለ ያቁሙ። እንደዚያ መወጠር ይቅር።"

ባለቤቱ መንፊያዋን አወጣች፤ ጫፏ ላይ የቀይ ክር ቁራጭ ተጠምጥሞባታል። ሊቀበላት እጁን ሲዘረጋ ወደ ኋላ ሳበችበት።

"ምን አለ?"

"ንፋ አለ።"

"ከዚያስ?"

ጋሽ ሳንባ ወለሉን አየ። "አቁም አለ።"

"መቼ?"

"ትንፋሽ እያለህ።"

ያኔ ሰጠችው። እሱም ክሩን ሳያነሣ ጨብጦ ሳማት፤ መንፊያዋን ሳይሆን ሴትዮዋን። ሐኪሙ ወደ ስክሪኑ ዞረ።

ወሬው ከተማውን ለማዳረስ ጊዜ አልፈጀበትም። እሑድ መናፈሻው ጢም ብሎ ሞላ። ያቺ ባለመነጽር ባለሙያ ከእናቷ ጋር መጥታለች። ከበሮ መቺው ከኋላ ሆኖ "ጋሽ ጉበት፣ እንኳን ደህና መጣህ!" አለ። ባንዱ ተጫወተ፣ ፍሉቶቹ ብቻቸውን ሲጫወቱ ጋሽ ሳንባ ትራምፔቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እንደ ሰው ተነፈሰ፣ በመጨረሻም ማርሹ አለቀና ሁሉም ጸጥ አለ።

ረጅሟን ድምፅ ጀመረ። መናፈሻው በሙሉ ትንፋሹን ያዘ። ድምፅዋ እንደ ድሮው ጥርት ብላ ወጣች፤ የጋሽ ሳንባም ሰውነት የለመደውን መንገድ ያውቀዋልና ወደዚያው መንጎድ ጀመረ። ኧረ ትንሽ ልጨምር፣ አለ ልቡ፣ ለዛሬ ብቻ፣ ይሄን ሁሉ ሰው ባዶ እጁን ልሸኘው? ሆዱ ተወጠረ። ይሄኔ ዓይኑን ገለጠ፤ ከፊት ረድፍ ባለቤቱን አያት። ጉንጯን እንደ ሕፃን ነፍታ፣ ዓይኗን አፍጥጣ፣ ትንፋሿን ይዛለች። በዚህ ሁሉ ዘመን አንድ ቀን ይዛ አታውቅም። የሚጮህ ሰው አያስፈልግም ብላ፣ ቃሉን አምና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ጨዋታው ውስጥ ገብታለች።

አቆመ።

ማንም አልተሸነፈም ነበር። ልጆቹ፣ ሽማግሌዎቹ፣ ፍቅረኛሞቹ ሁሉ ጉንጫቸውን እንደነፉ ቆመው ተያዩ። ከዚያ ባለመነጽሯ ልጅ "አሸነፍነው!" ብላ ጮኸች፤ መናፈሻውም አብሯት ጮኸ፤ ሰው ተቃቀፈ፣ ኮፍያ ተወረወረ፣ የልጅቷ እናት እንኳ ሳይቀሩ ዘለሉ። ይህን የመሰለ ጭብጨባ ጋሽ ሳንባ ሲያሸንፍ አግኝቶ አያውቅም። ባለቤቱ ብቻ ነበረች ገና ያልተነፈሰችው፤ እየቀላች ታየዋለች፣ እልኸኛ ናትና። በመጨረሻ እሷም "ኧፍ!" አለች።

ጋሽ ሳንባ ትራምፔቱን አወረደ። ደረቱ ውስጥ ትንፋሽ ቀርቶት ነበር፤ ማርሹ አልቆ እሱ ጋር ትንፋሽ ሲተርፍ ይሄ የመጀመሪያው ነው። ምን እንደሚያደርገው አላወቀም። ባለቤቱን እያየ በዚያች ትንፋሽ ሳቀ።